ፕሬዚዳንቱ ሲለዋወጥ አገረ ገዥው ምን ይሠራ ነበር? የቀድሞዋ ሜክሲኮ ጣጣ

ከነፃነት ማግስት ያለውን የሜክሲኮ ታሪክ የሚያነብ ሰው ቶሎ ራሱ ይዞራል። ፕሬዚዳንት ይመጣል፣ ፕሬዚዳንት ይሄዳል። አንዱ በአመፅ ይወርዳል። ሌላው ከአገር ይሰደዳል። ሳንታ አና የሚባለው ጄኔራል ደግሞ አበቃለት በተባለ ቁጥር ተመልሶ ብቅ ይላል። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጓዳሉፔ ቪክቶሪያ ከ1824 እስከ 1829 ዘመኑን ጨረሰ። ከእሱ በኋላ የሥራ ዘመኑን ጨርሶ በሰላም የወረደ ሰው የተገኘው በ1851 ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታዲያ ቤተ መንግሥቱ እንዲህ ሲታመስ አገሩን ማን ያስተዳድር ነበር? ቀረጥ የሚሰበስበው፣ ሚሊሻ የሚያሰለጥነው፣ ትምህርት ቤት የሚከፍተው ማን ነው? በአብዛኛው አገረ ገዥዎቹ ናቸው። የሜክሲኮ ሲቲን ቤተ መንግሥት ትተን ከግዛቶቹ በኩል ስናየው ያ ዘመን የሚመስለውን ያህል ውዥንብር የሞላበት አይደለም። ፀቡ ሁሉ የሚሽከረከረው በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ነው፦ አገረ ገዥው የማን ሰው ነው? የግዛቱ ወይስ የፕሬዚዳንቱ?

ነገሩ የሚጀምረው በስፔን ጊዜ ነው። የስፔን ንጉሥ በ1786 ያን ሰፊ ቅኝ ግዛት በ12 አውራጃዎች ከፈለው። በእያንዳንዱ ላይ ኢንተንደንት የሚባል ሹም አስቀመጠ። ሹሙ ግብር ይሰበስባል፣ ይዳኛል፣ ጸጥታ ያስከብራል። ከሁሉ በላይ ግን ብሩ ወደ ንጉሡ ግምጃ ቤት መፍሰሱን ይቆጣጠራል። እነዚህ ሰዎች በአብዛኛው ከስፔን የመጡ ነበሩ። በ1810 የነፃነቱ ጦርነት ሲፈነዳ የጓናሁዋቶው ኢንተንደንት ሪያኞ የከተማውን የእህል ጎተራ ምሽግ አድርጎ ሲከላከል እዚያው ተገደለ።

በመሃል ሌላ ነገር ተፈጠረ። የስፔን ምክር ቤት በ1812 በካዲስ ከተማ ያወጣው ሕገ መንግሥት በየክፍለ ግዛቱ ከሹሙ ጎን የሚቀመጥ የተመራጮች ጉባኤ እንዲኖር ፈቀደ። መጀመሪያ ለሜክሲኮ የተፈቀዱት 6 ብቻ ነበሩ። በ1823 መጨረሻ 23 ደርሰዋል። በጉባኤዎቹ የተቀመጡት የአካባቢው ባለርስቶች፣ የማዕድን ባለቤቶች፣ ጠበቆችና ቄሶች ናቸው። ሒሳብ መመርመር፣ መንገድ ማስጠገን፣ አቤቱታ መስማት ለመዱ። ሥልጣን ቤታቸው ድረስ መጥታ ገባች ማለት ነው። አንዴ ከገባች ደግሞ ማን ያስወጣታል?

ሜክሲኮ በ1821 ነፃ ወጣች። በቀጣዩ ዓመት ኢቱርቢዴ የተባለው ጄኔራል ራሱን ንጉሠ ነገሥት አሰኝቶ ዘውድ ጫነ። ብዙም ሳይቆይ ምክር ቤቱን በተነ። በፌብሩዋሪ 1823 የራሱ ጄኔራሎች የካሳ ማታ ዕቅድ በሚባል ሰነድ ከዱት። ሰነዱ ስለ አዲስ ምክር ቤት ብዙ ያወራል። ክፍለ ግዛቶቹን የማረካቸው ግን አንድ አንቀጽ ነው፦ የቬራክሩዝ ጉባኤ ለጊዜው የአካባቢውን አስተዳደር ይያዝ የሚለው። ሌሎቹም አንብበው “እኛስ?” አሉ። ተራ በተራ ሰነዱን ተቀብለው አስተዳደሩን በየቤታቸው ያዙ። ኢቱርቢዴ በማርች ሥልጣን ለቀቀ።

ከዚያ የመጣው ይበልጥ ይገርማል። በጁን 1823 ጓዳላሃራ “ነፃ የሐሊስኮ ግዛት ነን” ብላ አወጀች። በላይዋ የነበረው ሉዊስ ኪንታናር ደግሞ በንጉሠ ነገሥቱ የተሾመ ወታደር ነው። የትናንት የዘውድ ሹም ዛሬ የራስ ገዝ አገረ ገዥ ሆነ። ሳካቴካስ፣ ዋሃካና ዩካታንም በዚያው ሰሞን ያንኑ መንገድ ያዙ። ማዕከሉ በኋላ ጦር ልኮ ኪንታናርን ቢያስረውም ሐሳቡን ማሰር አልቻለም። በኦክቶበር 4 ቀን 1824 የጸደቀው ሕገ መንግሥት 19 ግዛቶችና 4 በማዕከል የሚተዳደሩ ቦታዎች ያሏት ፌዴራላዊ ሪፐብሊክ አቆመ። እዚህ ላይ ልብ በሉ። ግዛቶቹን የፈጠረው ማዕከሉ አይደለም። የሐሊስኮ ምክር ቤት ሥራ የጀመረው በሴፕቴምበር 1823 ነው፤ የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ከመጽደቁ አንድ ዓመት በፊት።

በወረቀት ላይ አገረ ገዥው ያን ያህል ጉልበተኛ ሰው አልነበረም። የግዛቶቹን ሕገ መንግሥት የጻፉት ጠበቆች ከንጉሥና ከንጉሠ ነገሥት ገና መውጣታቸው ነው። አንድ ሰው እንዲገንን አልፈለጉም። ሕግ የሚያወጣው ምክር ቤቱ ነው፣ በጀት የሚያጸድቀውም እሱ ነው። አገረ ገዥው ብዙ ጊዜ ለአራት ዓመት ይመረጣል፤ ምርጫውም ቀጥታ የሕዝብ ሳይሆን በተወካዮች በኩል ነው።

ጉልበቱ የመጣው ከሌላ ቦታ ነው። አንደኛው ገንዘብ ነው። በ1824 ገቢው ሲከፋፈል የወደብ ጉምሩክ ለማዕከሉ ደረሰ። የአገር ውስጥ ሽያጭ ቀረጥን የመሳሰለው ለግዛቶቹ ቀረ። ማዕከሉ ጉድለቱን እንዲሞላ ደግሞ እያንዳንዱ ግዛት በየዓመቱ የተወሰነ መዋጮ እንዲልክ ተደረገ። ዕድር ላይ እንደሚሆነው ነው፤ መዋጮውን ሁሉም ያምንበታል፣ የመክፈያው ቀን ሲደርስ ግን ሰበብ አይጠፋም። አንዱ ድርቅ ነበረ ይላል። ሌላው ሚሊሻዬን ላስታጥቅበት ይላል። ማዕከሉ በ1824 እና በ1825 ከለንደን ሁለት ብድር ወሰደ፤ እያንዳንዱ በስም 3.2 ሚሊዮን ፓውንድ ነው። በ1827 መክፈል አቃተው። ለወታደሩ ደሞዝ የሌለው ፕሬዚዳንት ደግሞ ወታደሩ ነገ ከማን ጋር እንደሚያድር አያውቅም።

ሁለተኛው ጠመንጃ ነው። ግዛቶች ያለ ፌዴራሉ ምክር ቤት ፈቃድ ቋሚ ጦር ማቆም አይችሉም። የሕዝብ ሚሊሻ ግን አላቸው። ገበሬው፣ ባለሱቁ፣ ማዕድን ቆፋሪው በእሁድ ቀን ይሰለጥናል። የሚያዘው የግዛቱ አስተዳደር ነው።

ሦስተኛው ድምፅ ነው፤ ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም። በ1824ቱ ሕገ መንግሥት ፕሬዚዳንቱን የሚመርጠው ሕዝቡ አይደለም። የግዛት ምክር ቤቶች ናቸው። እያንዳንዱ ምክር ቤት ሁለት ስም ይጽፋል፤ ቢያንስ አንዱ የሌላ ግዛት ሰው መሆን አለበት። አብላጫ ምክር ቤቶችን ያገኘ ፕሬዚዳንት፣ የሚከተለው ምክትል ይሆናል። ስለዚህ ፕሬዚዳንት መሆን የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ደጅ የሚጠናው በየግዛቱ ነው።

የ1828ቱ ምርጫ ይሄን ዘዴ ገና በሁለተኛ ሙከራው አፈረሰው። ጎሜዝ ፔድራዛ 11 ምክር ቤቶችን አግኝቶ አሸነፈ። የነፃነት ጦርነቱ ጀግና ቪሴንቴ ጌሬሮ ደጋፊዎች ግን አንቀበልም አሉ። ማን መራቸው? አገረ ገዥዎች። ሳንታ አና ያኔ የቬራክሩዝ ምክትል አገረ ገዥ ነበር፤ ጦር ይዞ ወጣ። በሜክሲኮ ሲቲ ዙሪያ ያለው፣ በአገሪቱ ስም የሚጠራው የሜክሲኮ ግዛት አገረ ገዥ ሎሬንዞ ደ ዛቫላ ደግሞ በኖቬምበር 30 ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ በፈነዳው አመፅ ዋና ተዋናይ ሆነ። በዋናው አደባባይ ያለው ፓሪያን የተባለው የገበያ ሕንፃ ተዘረፈ። ፔድራዛ ሸሸ፣ ጌሬሮ ፕሬዚዳንት ሆነ፣ ዛቫላ የገንዘብ ሚኒስትር።

ስለዚህ ዛቫላ ትንሽ ልጨምር፤ ሰውየው ዝም ብለው የሚያልፉት ዓይነት አይደለም። የዩካታን ተወላጅ ነው፣ ያስተዳደረው ግን መሃል አገርን። ሜክሲኮ ሲቲ የፌዴራል ከተማ ተብላ ስትነጠል ግዛቱ ዋና ከተማ አልባ ቀረ። መሥሪያ ቤቱ መጀመሪያ ቴክስኮኮ፣ ከዚያ ትላልፓን፣ በ1830 ቶሉካ ገባ። ዛቫላ ፌዴራሊዝም ሲፈርስ ቴክሳስ ሄደ። የቴክሳስን የነፃነት አዋጅ ፈረመ። የቴክሳስ ሪፐብሊክ የመጀመሪያ ምክትል ፕሬዚዳንትም ሆነ። ሜክሲኮ ውስጥ ዛሬም ከሃዲ የሚለው ብዙ ነው። እኔ ግን ቢያንስ መስመሩ ይገባኛል፦ ግዛቶች ከሌሉ አገሩም የለም ብሎ ያመነ ሰው ነበር።

አሁን ወደ ሳካቴካስ። በእኔ እይታ የዚህ ዘመን አገረ ገዥ ምን ማድረግ ይችል እንደነበር የሚያሳየው ፍራንሲስኮ ጋርሲያ ሳሊናስ ነው። ከ1829 እስከ 1834 ገዛ። ሕዝቡ “ታታ ፓቺቶ” ይለው ነበር፤ ታታ እንደኛ “አባባ” ነው፣ ፓቺቶ ደግሞ የፍራንሲስኮ ቁልምጫ። ሳካቴካስ የብር አገር ነው። ጋርሲያ የፍሬስኒዮን የብር ማዕድን በግዛቱ መንግሥት እጅ አስገብቶ አስቆፈረ። ትርፉን ለትምህርት ቤትና ለሚሊሻ አዋለ። መሬት እየገዛ ለሌላቸው የሚያከራይ ባንክ ለማቋቋምም አስቦ ነበር። ካፒታሉ በከፊል ከቤተ ክርስቲያን አሥራት እንዲመጣ ስለታሰበ ካህናቱ ተቃወሙ፤ ሐሳቡም ወረቀት ላይ ቀረ።

ሚሊሻው ግን ወረቀት ላይ አልቀረም። በአገሪቱ ካሉት ሁሉ የተሻለ ነው የሚባል ሆነ። በ1832 ሳንታ አና በወቅቱ መንግሥት ላይ ሲያምፅ የሳካቴካስ ሚሊሻ ከእሱ ወገን ተሰልፎ ብዙ ሰው አጣ። ሳንታ አና ሥልጣን ላይ ሲወጣ ውለታ ይኖራል ብለው ጠብቀው ይሆናል። በ1834 ግን ሰውየው ዞረ። ፌዴራሊስቶቹን ጥሎ ከቤተ ክርስቲያን፣ ከጦሩና ከሀብታሞቹ ጋር ቆመ። በማርች 1835 ሚሊሻ ከ500 ነዋሪ አንድ ሰው ብቻ እንዲሆን ሕግ ወጣ። ግልጽ ነው፤ ሕጉ የታለመው ሳካቴካስ ላይ ነው።

ሳካቴካስ እምቢ አለ። ያኔ አገረ ገዥው ማኑዌል ጎንዛሌዝ ኮሲዮ ነበር፤ ሚሊሻውን የመራው ግን ጋርሲያ ራሱ ነው። ጎበዝ አስተዳዳሪ ሁሉ ጎበዝ የጦር አዛዥ አይሆንም። በሜይ 11 ቀን ሳንታ አና ራሱ እየመራ ከከተማዋ አጠገብ፣ ጓዳሉፔ ላይ ድል አደረጋቸው። ወታደሩ ዘረፈ። የፍሬስኒዮ ማዕድን ተወሰደ። አጓስካሊየንቴስ የሚባለው ለም አካባቢ ከሳካቴካስ ተቆርጦ ለብቻው ቆመ። አጓስካሊየንቴስ ውስጥ የሚነገር አንድ አፈ ታሪክ አለ፦ የአንድ የከተማው ትልቅ ሰው ሚስት በግብዣ ላይ ሳንታ አናን ስማ ነፃነቱን ከእሱ ወሰደች ይባላል። ታሪኩ ደስ ይላል፤ እውነቱ ግን የማይታዘዝ ግዛት መቀጣቱ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው የአገረ ገዥዎቹ ክረምት ነው። በኦክቶበር 1835 የግዛት ምክር ቤቶች ተዘጉ። በ1836 መጨረሻ “ሰባቱ ሕጎች” የሚባለው አዲስ ሕገ መንግሥት ወጣ። ግዛት የሚለው ቀርቶ ሁሉም በማዕከል የሚመራ የአስተዳደር ክፍል ሆነ። ለአገረ ገዥነት የአካባቢው ሸንጎ ሦስት ስም ያቀርባል፣ የሚሾመው ፕሬዚዳንቱ ነው። የሥራ ዘመኑ 8 ዓመት ነው። ለመሾም በዓመት ቢያንስ 2,000 ፔሶ ገቢ ያስፈልጋል፤ ደሃ አይሞክራትም። የሕጉ ደራሲዎች ተንኮለኞች ነበሩ ማለቴ አይደለም። ፌዴራሊዝሙ አገሩን በታተነው፣ ሥርዓት ይያዝ ነው ያሉት። ስጋታቸው መሠረት ነበረው። መድኃኒቱ ግን ሕመሙን አባሰው።

ሩቅ ያሉት፣ ያኔ የሜክሲኮ የነበሩ ቦታዎች ቀድመው ነደዱ። ቴክሳስ በ1836 ሄደች፤ እዚያ ብዙ ሌላ ምክንያት፣ ባርነትን ጨምሮ፣ አለ። በዚያው ዓመት ካሊፎርኒያ ከመሃል የተላኩባትን ሹሞች አባርራ የራሷን ሰው ሁዋን ባውቲስታ አልቫራዶን አስቀመጠች። ማዕከሉ ቆይቶ “እሺ፣ እሱ ይሁን” ከማለት ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ኒው ሜክሲኮ ላይ ነገሩ ከፋ። ከመሃል የተላከው የጦር መኮንን አልቢኖ ፔሬዝ አካባቢውን አያውቅም። አዲስ ግብር ሊመጣ ነው የሚል ወሬ ተነዛ። በኦገስት 1837 አማፂዎች ገድለው ራሱን ቆረጡት። በምትኩ ያስቀመጡት ሆሴ ጎንዛሌዝም ብዙ አልቆየም፤ በ1838 መጀመሪያ ተገደለ።

ዩካታን ደግሞ የራሷ ዓለም ናት። ከሜክሲኮ ሲቲ ወደ ሜሪዳ ለመሄድ በመርከብ ነበር የሚኬደው። ጉምሩኩ ተነካ፣ ወጣቱም ለሩቅ ጦርነት ተወሰደ፤ በ1840 አመፀች። በ1841 የራሷን ሕገ መንግሥት ጻፈች። በውስጡ አምፓሮ የሚባል ነገር አለ፦ ዜጋ ባለሥልጣን መብቱን ሲነካበት ፍርድ ቤት ሄዶ የሚያስቆምበት ክስ። ዛሬ በመላው ሜክሲኮ ይሠራበታል። ግን የዩካታን ገዥዎች፣ ሳንቲያጎ ሜንዴዝና ሚጌል ባርባቻኖ፣ እርስ በርስ ተቀናቃኞች ነበሩ። ለፀባቸው ማያ የተባለውን የአካባቢውን ነባር ሕዝብ ገበሬዎች አስታጠቁ፤ መሬትና የግብር ቅናሽ ቃል ገቡ፤ ቃላቸውን በሉ። በ1847 ማያዎቹ በሁለቱም ላይ ተነሱ። በ1848 አመፁ ወደ ሜሪዳ ሲጠጋ ሜንዴዝ ለአሜሪካ፣ ለስፔንና ለእንግሊዝ ደብዳቤ ጻፈ፦ ያዳነን ይግዛን አለ። ግብዣውን ማንም አልተቀበለም። በኦገስት ዩካታን ወደ ሜክሲኮ ተመለሰች። ራስ ገዝነት ለነጩ ባለርስት እንጂ ለማያው አልደረሰም ነበር። የዚህን ዘመን አገረ ገዥ ስናደንቅ ይሄን አንርሳ።

ፌዴራሊዝም የተመለሰው በ1846 ነው፣ ያውም ከአሜሪካ ጋር በተደረገው ጦርነት መሃል። ከጦርነቱ ውስጥ ቤኒቶ ሁዋሬዝ ወጣ። ዛፖቴክ የተባለው ነባር ሕዝብ ተወላጅ፣ ጠበቃ፣ ከኦክቶበር 1847 ጀምሮ የዋሃካ አገረ ገዥ። ድል የተመታው ሳንታ አና በ1848 መጀመሪያ ወደ ዋሃካ ልግባ ሲል ሁዋሬዝ አይሆንም አለው። ሳንታ አና ይሄን አልረሳም። በኋላ ሲያወራ ሁዋሬዝን ወጣት ሳለ በባዶ እግሩ ማዕድ ሲያቀርብልኝ አይቼዋለሁ፣ ለዚህ ነው የጠላኝ ይል ነበር። በ1853 ለመጨረሻ ጊዜ ሥልጣን ሲይዝ ሁዋሬዝን አስሮ ከአገር አባረረው። ሁዋሬዝ ኒው ኦርሊንስ ወረደ፤ እዚያ ሌላ ስደተኛ አገኘ፣ የሚቾአካን አገረ ገዥ የነበረውን ሜልቾር ኦካምፖን።

ሳንታ አናን የጣለውም አገረ ገዥ ነው። ሁዋን አልቫሬዝ ከአካፑልኮ ጀርባ ባለው ተራራማ አገር ከነፃነት ጦርነቱ ጀምሮ ተሰሚ ሽማግሌ ነበር። በ1849 ጌሬሮ የሚባል ግዛት ሲቆረጥ የመጀመሪያ ገዥው ሆነ። በማርች 1854 የአዩትላ አመፅ ከእሱ አገር ተነሳ። በኦገስት 1855 ሳንታ አና ሸሸ። አልቫሬዝ ፕሬዚዳንት ሆነ፣ ሁለት ወር ገደማ ቆየና “አገሬ ይሻለኛል” ብሎ ወደ ደቡብ ተመለሰ። ሁዋሬዝና ኦካምፖም በእሱ መንግሥት ሚኒስትር ሆነው ነበር።

አሁን ነገሩ ተገለበጠ። የትናንት አገረ ገዥ ሁዋሬዝ ፕሬዚዳንት ሲሆን፣ አልታዘዝም የሚል አገረ ገዥ ገጠመው። ሳንቲያጎ ቪዳውሪ ይባላል፣ የኑዌቮ ሌዮን ጌታ። በ1856 ጎረቤቱን ኮዋዊላን ጠቅልሎ ከራሱ ጋር አዋሃደ። የቴክሳስ ድንበር ጉምሩክ በእጁ ገባ። አሜሪካ ውስጥ የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሳ የደቡቡ ጥጥ በእሱ በኩል ወጣ፣ ካዝናውም ሞላ። በ1864 ሁዋሬዝ በፈረንሳይ ጦር እየተባረረ ሞንቴሬይ ደረሰና የጉምሩኩን ገንዘብ ጠየቀ። ቪዳውሪ እምቢ አለ። ሁዋሬዝ ኮዋዊላን በአዋጅ ነጠለበት። ቪዳውሪ ወደ ቴክሳስ ሸሸ፣ ከዚያም ፈረንሳዮች ላነገሡት ለማክሲሚሊያን አደረ። ንጉሡ ሲወድቅ ከሁለት ያጣ ሆነ። በጁላይ 1867 ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ተረሸነ።

ከዚያ የመጣው ፕሬዚዳንት ፖርፊሪዮ ዲያዝ ሳንታ አና ያልገባው ነገር ገባው። ግዛት ማፍረስ አያስፈልግም። ሕገ መንግሥቱም ይቀመጥ፣ ምርጫውም ይካሄድ። የሚመረጠውን ሰው እኔ ልምረጥ እንጂ አለ። ታማኝ ከሆነ ደግሞ ይቆይ። ፕሮስፔሮ ካዋንትዚ ትላክስካላን ከ1885 እስከ 1911 ገዛ፤ 26 ዓመት። ከእነዚህ አገረ ገዥዎች ብዙዎቹ ዲያዝ ሲወድቅ አብረው ወደቁ። በ1913 ግን ጄኔራል ዌርታ ፕሬዚዳንቱን ገልብጦ ለየግዛቱ እወቁኝ ሲል፣ በፌብሩዋሪ 19 ቀን መጀመሪያ አላውቅህም ብሎ ምክር ቤቱን አስወስኖ ሚሊሻውን የሰበሰበው የኮዋዊላ አገረ ገዥ ቬኑስቲያኖ ካራንዛ ነበር።